ያልፈተንኩት ፊደል

ይሉኝታ ያስርባል እንጂ እጅ ያስቆርጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በፈረንጆቹ 1996 በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ለአንድ መጭመቂያ ማሽን ፕሮግራም ጻፍኩ። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚወርድ ኮምፒውተሩ በአሥረኛ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ምልክት ይነግረዋል፤ እያንዳንዱ ምልክት እስከ ዘጠኝ ድረስ ቁጥር ነው፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ላለው ደግሞ ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ፊደል። የኔ ሥራ ምልክቶቹን ወደ ዋጋቸው መለወጥ ነበር። በቁጥሮቹ ሞከርኩት፣ ሠራ። ፊደሎቹን ሳልሞክር ፎርማኑ ጋሼ ወልደአማኑኤል የፋብሪካውን ፈረንጅ አለቃ ይዘው መጡ። ሥራውን ያስገኙልኝ እሳቸው ናቸው። «ሪድዋን ሁሉንም ቼክ አድርጎ ጨርሷል፤ አይደል የኔ ልጅ?» አሉ በኩራት። በፈረንጅ ፊት እንዴት ላሳፍራቸው? «ጨርሻለሁ» አልኩ።

ለሳምንታት ቁጥር ብቻ ስለሚላክለት ደህና ሠራ፤ እኔም ረሳሁት።

አንድ ሐሙስ ዕረፍት ነበርኩ። ባለቤቴ ዘኪያ እዚያው ማሽን ላይ ናት፤ የተጨመቀውን ሳህን በእጇ ታወጣለች። ለጠዋት ሺፍት ስትወጣ «ዛሬ ትልቁ ሳህን ነው፤ ለማውጫ ሃያ አራት ሰከንድ ይሰጡናል» አለችኝ። ሻይ ቀዳሁና አሰብኩት። ሃያ አራት ሰከንድ፣ ማለትም 240 አሥረኛ ሰከንድ፣ በማሽኑ ቋንቋ ኤፍ ዜሮ ነው፤ አሥራ አምስት ጊዜ አሥራ ስድስት። ኤፍ! ፊደል ወደ ዋጋው ሲለወጥ ከቁጥሮቹ በተለየ ተጨማሪ ሰባት መቀነስ ነበረብኝ፤ አልቀነስኩም፤ ኤፍ አሥራ አምስት መሆኑ ቀርቶ ሃያ ሁለት ይሆናል። ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አሰላሁት። ቁጥሩ የማሽኑ ቺፕ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ይሆንበትና ትርፉን ይጥላል፤ የሚቀረው አሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ወደ ፋብሪካው ስልክ ደወልኩ፣ የሚያነሣ የለም። ጫማዬን ሳላስር መኪና አስነሥቼ ከምንኖርበት ከሴንት አልባንስ ወጣሁ። «ያ ረቢ፣ እጇን! እጇን!» እያልኩ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ስደርስ የማሽኑን ቅርጽ ማውጫ ለትልቁ ሳህን ሲቀይሩ ረፍዶባቸው ኖሮ ገና የመጀመሪያው ሳህን ነበር። ማሽኑ ተነሥቷል። ዘኪያ ሁለት እጇን አስገብታ ሳህኑን ለማላቀቅ ትታገላለች።

«ዘኪያ፣ አውጪ!»

ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፤ እጆቿ ግን እዚያው ናቸው። ዘልዬ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ማሽኑ ወረደ። አንድ ጓንቷ ከሥሩ ቀረ።

ጋሼ ወልደአማኑኤልና አለቃው እየሮጡ መጡ። «ማሽኑ አርጅቷል» አሉ ጋሼ ለአለቃው፣ እኔን ሊሸፍኑ። ይሉኝታው እንደገና ዝም በል አለኝ።

«የለም ጋሼ» አልኩ። «ዋሽቼዎት ነው። ሳልጨርስ ነው ጨረስኩ ያልኩት።»

አንገታቸውን ደፉ። ዘኪያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትነካካ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሌሎቹ ይህን ማሽን ይፈሩታል» አለች። «እኔ አንተ ስለሠራኸው አልፈራሁትም።»