መጽሐፉ የማያውቀው አበባ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በተዘጋ በር ፊት ቆማችሁ፣ ሳታንኳኩ፣ «እዚህ ቤት ሰው አይኖርም» ብላችሁ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ? «እኔ የለሁበትም» ለማለት አትቸኩሉ። በዚህ ዓለም ስንቱ ቤት በነዋሪው ላይ የፈረሰው እንዲህ ባለ ፊርማ ነው።

የዕፅዋት ተመራማሪዋን ባልደረቦቿ «ጋሬጣ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለስድብ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ «ጋሬጣ ተነሣች፣ እግራችሁን ሰብስቡ» ይላሉ። ይሳቃል። እሷም አብራ ትስቅና ከዚያ ትወጋለች።

ከከተማው ዳር የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች አሉ፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የተላጨ ራስ ይመስላሉ። ሕዝቡ «ድንጋይ ብቻ» ይላቸዋል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካው ደግሞ «ጥሬ ዕቃ»። ጋሬጣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ከአንደኛው ኮረብታ ተዳፋት ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ብቅ ያለ አበባ በአጉሊ መነጽር አየች።

አበባው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውንና ሁሉም ረግጦት የሚያልፈውን ተራ አበባ ቁርጥ። ልዩነቱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ነጭ ፀጉር እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ተሰድሮ ዙሪያውን ከቦታል። የመንገድ ዳሩ ዘመዱ ጉሮሮ ልሙጥ ነው። ጋሬጣ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ፣ ማንም አጠገቧ ሳይኖር፣ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለችው።

የዕፅዋት ሰዎች ያገኙትን ተክል በጋዜጣ መሐል ዘርግተው፣ በሁለት ሳንቃ ጨምቀው ያደርቁታል። ያ ፀጉር ግን ሲደርቅ ረግፎ ይጠፋል። በወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ናሙና ብቻ ለሚያይ ሰው የኮረብታው አበባና የመንገድ ዳሩ አበባ አንድ ናቸው። ፀጉሩ የሚቆየው አበባው አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጋሬጣም አበባውን ፎቶ አንሥታ ይህንኑ አደረገች። ተክሎቹ ጥቂት ስለነበሩ ግን ሳሳችላቸውና አንድ ብልቃጥ ብቻ ያዘች። በኋላ የጎዳትም ይኸው ጨዋነቷ ነው።

ብልቃጡን ለመምህሯ ሰጠች። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። የዕፅዋት ቤተ መዘክሩ ኃላፊ ናቸው፤ የአገሩን ዕፅዋት በሙሉ ይዟል የሚባለውን ወፍራም መጽሐፍ የጻፉም እሳቸው። ያን አጉሊ መነጽር ከኪሳቸው አውጥተው የሰጧት በተመረቀችበት ቀን ነው። አዲስ ዝርያ ለዓለም የሚታወቀው ናሙናው በቤተ መዘክር ሲመዘገብ ነውና ያለ እሳቸው የሚሆን ነገር አልነበረም። ጋሬጣ የአበባውን መግለጫ ጽፋ ስትጨርስ ስያሜውን ያወጣችው በእሳቸው ስም ነበር። አላወቁም፤ ልታስደንቃቸው ፈልጋ ነበር።

«ጋሼ፣ አዩልኝ?»

«እያየሁት ነው፣ ልጄ።»

ሌላ ጊዜ፦ «ጋሼ፣ ያ ብልቃጥ?»

«ሳይንስ ጥድፊያ አይወድም።»

ሳይንስ ባይጣደፍም ፋብሪካው ተጣደፈ። ኮረብታውን በፈንጂ ለመናድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ከጥያቄው ጋርም «በኮረብታው ላይ የተለየ ተክል የለም» የሚል ጥናት አያይዞ አቀረበ። ጥናቱን የፈረሙት ጋሼ ናቸው። ኮረብታውን የወጡት በበጋ ነው። በበጋ ደግሞ ያ አበባ ከመሬት በላይ የለም፤ ሽንኩርት የሚመስለው ሥሩ ከድንጋይ ሥር ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ሳያንኳኩ ፈረሙ ያልኳችሁ ይህን ነው።

ጉቦ በልተው ነው ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ። አልበሉም። ቢበሉ ይሻል ነበር፤ ጉቦ የበላ ሰው ቢያንስ ውሸቱን ያውቀዋል። ጋሼ ያቃታቸው በመጽሐፋቸው ውስጥ የሌለ ነገር በምድር ላይ ይኖራል ብሎ ማመን ነው።

ጋሬጣ ቢሯቸው ዘው ብላ ገባች። ክፍሉ እንደ ወትሮው የብል መድኃኒት ይሸታል። ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ክዳኑ ጎኑ ተቀምጧል። አልኮሉ ተንኖ አልቋል፤ አበቦቹም እንደ ሻይ ቅጠል ከሥሩ ተጣብቀዋል።

«ጋሼ! ክዳኑን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኛ። ሳልከፍት እንዴት ልይ?»

«መልሰው አልዘጉትም!»

«ዘንግቼ ይሆናል፤ ዕድሜ ነው» አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ደግሞ አይቼዋለሁ። ተራው አበባ ነው። ፀጉር የሚባል ነገር የለውም።»

«ያዩት ከመድረቁ በፊት ነው ወይስ ከደረቀ በኋላ?»

«እኔን ነው የምትመረምሪው?»

«ፎቶውስ? ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል እኮ!»

«ፎቶ ተክል አይደለም። ያ ነጭ ነገር የብርሃን ጨዋታ ነው።» ከዚያ በእርጋታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «አበባ ካማረሽ ግቢዬ ውስጥ ጽጌረዳ ሞልቷል፤ መጥተሽ ቅጠፊ» አሏት።

ዓይንን በጨው ማጠብ ይሏል ይኼ ነው! ጋሬጣ በሩን ወርውራው ስትወጣ የናሙና መሳቢያዎቹ ተንቀጫቀጩ።

ቤት ስትገባ እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌ እየሰኩ ነበር።

«በሩን ቀስ! የሰውዬው በር መሰለሽ?»

«በምን አወቅሽ?»

«ፊትሽ ላይ ተጽፏል። ምናለ ብትተዪው? ላስተማረሽ ሰው አንገትሽን ብትደፊ ምን ይቀርብሻል? ዝም አይነቅዝም።»

«ነቅዟል፣ እማዬ። ያ ቢሮ በሙሉ በዝምታ ነቅዟል።»

«አንቺማ ስትወለጂም በእግርሽ ነው የመጣሽው፣ አዋላጇን ረግጠሽ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ያን በስሙ ያወጣሽለትን ስም ግን ሰርዢ።»

«ሰርዣለሁ።»

«ጎሽ። ይህን ሬሳሽንም ከመስኮቴ ላይ አንሺልኝ።»

ሬሳ ያሉት አንድ የቀለም ቆርቆሮ ነው። የፋብሪካው መቆፈሪያ መኪና ለሙከራ ተዳፋቱን ሲቧጥጥ አንድ ሥር ተነቅሎ ወደ መንገዱ ተንከባልሎ ነበር። ጋሬጣ አንሥታ፣ ቆርቆሮውን በኖራ ድንጋይ ጠጠር ሞልታ ተከለችው። «እማዬ፣ አደራሽን፣ ዝናብ እስኪመጣ መተኛት አለበት፤ ጠብታ ውሃ እንዳታስነኪው» ብላም አስጠንቅቃ ነበር።

የፋብሪካው ጉዳይ በሕዝብ ፊት የሚታይበት ስብሰባ የተቀጠረው ግን ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ፈንጂው ይከተላል። የአበባውን መግለጫ የላከችለት መጽሔትም «ፀጉሩን የሚያሳይ ናሙና ይላክልን» ብሎ መልሶላታል። በእጇ ያለው የደረቀ አበባና የብርሃን ጨዋታ የተባለ ፎቶ ብቻ ነው። ሆኖም እሄዳለሁ አለች። ከመሸነፍ ይልቅ የሚያንገበግባት ሳይናገሩ መሸነፍ ነው።

በስብሰባው ዋዜማ ጠዋት ጥርሷን እየፋቀች ሳለ የእናቷ ጩኸት ቤቱን አናጋው።

«ነይ! ነይ ቶሎ! ሽንኩርትሽ አብዷል!»

ሮጠች። ቆርቆሮው ላይ አንድ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ፈዛዛ ቢጫ አበባ ፈክቷል።

«እማዬ… ውሃ አጠጥተሽዋል?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ!» እናትየው መጋረጃውን ማስተካከል ጀመሩ። «የሩዝ እጣቢ ነው እንጂ ውሃ አይደለም።»

«ስንት ጊዜ አትንኪው አልኩሽ! ቢበሰብስብኝስ?»

«የተጠማ ነገር እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብትቆጪ ተቆጪ።»

ጋሬጣ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። እጇ ቀድሞ መነጽሩን አወጣ። ጎንበስ አለች። ፀጉሩ አለ፤ ነጭ፣ ዙሪያውን ተሰድሮ፣ ቆሞ። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እናቷን አንቃ ልትገድላቸው እስኪመስል አቀፈቻቸው።

«ተይ፣ አጥንቴን! በዚያ መነጽር ደግሞ እኔን እንዳታዪኝ፤ ሽበቴ ሳይጎላ ይበቃኛል።»

በማግስቱ የስብሰባው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ሰብሳቢው፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና ጋሼ ተቀምጠዋል። እናትየው ፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ የገበያ ቅርጫት ታቅፈዋል፤ ላዩ በጨርቅ ተሸፍኗል።

ጋሼ ማይክራፎኑን ያዙ። «ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ አገር ዕፅዋት ላይ ነው። በመጽሐፌ ያልሰፈረ ተክል በዚያ ኮረብታ ላይ የለም።» ተጨበጨበላቸው።

ጋሬጣ ስትነሣ ከኋላ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጮኸ፦ «እህቴ፣ አበባ አይበላም! እኛ የምንፈልገው ሥራ ነው!»

«ሥራህን ማን ነካብህ፣ ወንድሜ? ኮረብታው ሰፊ ነው፤ በወዲያኛው ተዳፋት ቆፍሩ። እኔ የምለው ይህችን አንዲት ተዳፋት ተዉ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።»

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ሁለቱንም አይደለሁም። ገደሉ እንዳይናድ ነው የመጣሁት።»

ከእናቷ ቅርጫቱን ተቀብላ መድረኩ ላይ ወጣች። ጨርቁን ገልጣ የቀለም ቆርቆሮውን ጋሼ ፊት አስቀመጠች። አዳራሹ አጉረመረመ። ጋሼ አበባውን አዩት፤ ከዚያ ቶሎ ብለው ዓይናቸውን ወደ ሰብሳቢው አዞሩ።

«ይህ… ይህ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?»

«አሁን ‹ከየት መጣ› ላይ ደረስን? ቅድም እኮ ጭራሽ የለም ነበር!»

ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ ወደ ፊት ተንከባለለ። ያ የፋብሪካ ሠራተኛም ሳቀ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ሰዓታችን አልቋል። ተመራማሪዋ ያላትን በጽሑፍ ታቅርብ፤ ይታይላታል።»

«አቅርቤ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። መስኮት ላይ ደረቀ።»

አጉሊ መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ ከቆርቆሮው አጠገብ አኖረችው። እጀታው ላይ የጋሼ የጥርስ ምልክት አሁንም አለ፤ ሲያስቡ የሚነክሱት ነበር።

«ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ‹መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ ስም ስጪ› ያሉኝም እርስዎ። እኔ ያንን ይዤ ነው በሆዴ የተሳብኩት።»

ጋሼ እጃቸውን ወደ መነጽሩ ሰደዱ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይህንን እኔና አንቺ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን…»

«ቢሮ የለም!» ማይክራፎኑን አንሥታ አፋቸው ሥር ያዘችላቸው። «ሲፈርሙ በአደባባይ ነው፤ ሲያዩም በአደባባይ ይዩ። ጎንበስ ይበሉና ያዩትን ለዚህ ሁሉ ሰው ይናገሩ። ጉሮሮው ላይ ፀጉር አለ ወይስ የለም? ይመልሱ፣ ጋሼ!»