እውነቱን ነገርኩት

«እትዬ ሮሳውራ፣ ዛሬ ባሕሩ እንዴት ነው?» አለ ኤልፒዲዮ፣ የጀልባውን ሞተር በትከሻው እንደተሸከመ።

ሮሳውራ ዓሣ የምታጸዳበትን ቢላዋ አላስቀመጠችም። ልጇ ሩፊኖ የሞተው በዚህ ሰው ጀልባ ላይ ነው፤ ኤልፒዲዮ ሰክሮ ሲነዳ ከቋጥኝ ጋር አላትሞት። ታሰረ፣ ተፈታ፣ ወደዚሁ የሳማር ደሴት ዳርቻ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አናግራው አታውቅም። ዛሬ ግን መለሰችለት።

«ቄሱ ዛሬ በማለዳ ወደ ማዶ ተሻግረዋል። በሰላም ደርሰዋል።»

እውነት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ ሬዲዮ መናገሩን ግን አልጨመረችም።

«እግዜር ይስጥልኝ። ሚስቴ ማዶ ሐኪም ቤት ወልዳልኛለች» አለና ጀልባውን ገፋ።

ጎረቤቷ አዴላ ከአጠገቧ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ሬዲዮኑን አብረን አይደል እንዴ የሰማነው?»

«ምን ዋሸሁት?»

«አልዋሸሽውም» አለች አዴላ። «የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።»

ሰማዩ በማዶ በኩል ጠቆረ። ውሃው የእርሳስ መልክ ያዘ፤ ወፎቹ ወደ ኮኮናት ዛፎቹ ገቡ። ሮሳውራ መቁጠሪያዋን አውጥታ ለሩፊኖ ነፍስ መጸለይ ጀመረች። አፏ የለመደውን ይላል፤ ልቧ ግን የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኤልፒዲዮ እንዳይመለስ። ይህን ከራሷ ስትሰማ ጸሎቱን አቋረጠችው።

ኤልፒዲዮ ተመለሰ። ማዕበሉ ከመሃል መልሶት፣ እስከ አጥንቱ ርሶ።

«ይኸው፣ ማንም አልሞተ» አለች አዴላ እፎይ ብላ። «ታዲያ ኃጢአቱ የታለ?»

ነፋሱ ለጊዜው ጋብ ብሏል፤ ኤልፒዲዮ እንደገና ሊሞክር ከጀልባው ውሃ በጣሳ እየቀዳ ያፈሳል። ሮሳውራ ተነሥታ ወደሱ ሄደች።

«ቅድም የነገርኩህ እውነት ነበር» አለችው። «የነገርኩህ ግን እንድትሞት ብዬ ነው።»

ጣሳው እጁ ላይ ቀረ። «ታዲያ አሁን እንዴት ልመንዎት?» አለ።

«እንጃ። ሬዲዮው ሲመሽ ይብሳል ብሏል። አትሂድ።»

ኤልፒዲዮ ሚስቱ ወዳለችበት ወደ ማዶ አየ። ሮሳውራ መልሱን አልጠበቀችም፤ ከአሸዋው ላይ ገመዱን አንሥታ ጀልባውን ወደ ላይ መጎተት ጀመረች። ከበዳት። ጥቂት ቆይቶ ግን ኤልፒዲዮ ከኋላ ሲገፋላት ተሰማት።