የሰው ሹራብ

ሹራቡ በአሮጊቷ ራስ ላይ አልወርድ ብሎ ተያዘ። ሉባባ በአንድ እጇ አንገትጌውን እየለጠጠች፣ በሌላው የሴትዮዋን እርጥብ ሽበት ወደ ውስጥ እየሰበሰበች ስትታገል የመታሻ ቅባት ሽታ ከሱፉ ውስጥ ወጣና አፍንጫዋን ሞላው። ሽታውን ታውቀዋለች። የአረጋውያን ማዕከሉ አባል እትዬ ድንቅነሽ ክረምት ከበጋ ጉልበታቸውን ያሹበት የነበረ ቅባት ነው። እትዬ ድንቅነሽ ከሞቱ ገና አርባቸው አልወጣም፤ ሰማያዊ ሹራባቸው ግን ዛሬ ለሥራ ተፈልጓል።

«ጠበበኝ» አለች አሮጊቷ ከሱፉ ውስጥ።

«ይለመዳል እማማ» አለች ሉባባ፤ ወዲያው በገዛ አፏ አፈረች። ምኑ ነው የሚለመደው? ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊገፈፍ!

የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ግራጫ የሳሙና ውሃ ተኝቷል። አሮጊቷ ራሷን ከሹራቡ ውስጥ አወጣችና ሉባባን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። «ክረምቱ መግቢያ ላይ አባል ልሁን ብዬ ብመጣ መታወቂያ አምጪ ያልሽኝ።»

ሉባባ ወደ ቧንቧው ዞረች። እጇን ታጠበች፤ ደግማ በሳሙና ታጠበች። ሽታው አልለቀቀም።

ማዕከሉ ከመቱ መናኸሪያ በላይ ባለው ዳገት ላይ የተሠራ ባለ አንድ አዳራሽ ቤት ነው። የከተማው አረጋውያን ጠዋት ተሰብስበው እጅና እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ደም ግፊታቸውን ይለካሉ፣ ሴቶቹ ጥልፍ ይጠልፋሉ፣ ወንዶቹ ገበጣ ይጫወታሉ፣ ምሳ አብረው በልተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ የምታስተባብረው ሉባባ ናት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ምሳው ቀጠነ፤ ከቀጠነም በኋላ ሻይና ዳቦ ሆነ። ለሻይና ዳቦ ብሎ ያንን የጭቃ ዳገት የሚወጣ ጉልበት ያለው ሽማግሌ ጥቂት ነው። ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ቀሩ።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ብሥራት ቢሮው አስጠራት። ከአዲስ አበባ የረጂው ድርጅት ሰዎች እንደሚመጡና አዳራሹን ባዶ ካዩት በሩ እንደሚዘጋ ነገራት። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነበር። ቀጥሎ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ፣ «ከመስጊዱ በርና ከመናኸሪያው የሚለምን አረጋዊ ሰብስቢና ወንበሩን ሙይው» አላት። «የአባሎቹ ሹራብ አለ አይደል? አልብሺያቸው። ግን ደህና ደህናውን ምረጪ። የሚሸት እንዳይኖር።»

መረጠች። ዛሬ በማለዳ ባጃጅ ይዛ ሄዳ፣ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው ዓይናቸውንና እግራቸውን እያየች መረጠች። አንድ ሽማግሌ ቁስላቸውን ዝንብ ወሮት ነበርና አለፈቻቸው። እሳቸው ግን የተጠሩ መስሏቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለመነሳት ሞክረው ነበር። ባጃጁ ሲንቀሳቀስ አሁንም እየተነሱ ነበር። ይህ ጠዋቱን ሙሉ ከዓይኗ አልጠፋም።

አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ብሥራት ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ኩባያ ያቃናል። በማዕከሉ ማንም ያላወጣው፣ ሁሉም የሚያከብረው ወግ አለ፦ አባል ሲሞት ኩባያው ከቦታው አይነሳም፤ አርባው እስኪወጣ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ይቆያል። ብሥራት የእትዬ ድንቅነሽን ኩባያ በጣቱ አነሳና አቃናው። ከዚያም ሻይ አስቀድቶበት፣ ሹራባቸውን ለለበሰችው አሮጊት ሰጣት። ሹራቡና ኩባያው የአንድ ሟች መሆናቸውን ልብ አላለም። ልብ ቢልም ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ጋሼ ጎንፋ ይህን አዩ። ጋሼ ጎንፋ በጉልምስናቸው ሶር ፏፏቴ አካባቢ ባለው ጫካ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ማር ቆራጭ ነበሩ፤ አሁን የማዕከሉ ታላቅ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ከኩባያው ወደ ሉባባ፣ ከሉባባ የአባላቱን ሰማያዊ ሹራብ ወደ ለበሱት የማያውቋቸው ሰዎች አዞሩ። ሉባባ አንገቷን ደፋች።

«እኔ የምልሽ» አለ ብሥራት፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ። «ጋሼ ጎንፋ ምሳ ላይ የሚመርቁትን ምርቃት ካሜራ ፊት ያድርጉልን። እርጥብ ሣር ይያዙ። ያምራል፤ የረጂው ሰዎችም ይወዱታል።»

ሉባባ አፏን ከፈተች።

ብሥራት ከአረጋውያኑ ጋር አንድ ቀን እንኳን ምሳ በልቶ አያውቅም። በልቶ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ጎንፋ ማዕዱ ላይ አዲስ ሰው ካለ ሳይጠይቁ እንደማይመርቁ ያውቅ ነበር። ያላወቁትን ሰው መመረቅ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ደም ግፊት የምትለካው ነርስ መጀመሪያ የመጣች ቀን ስሟን፣ የአባቷን ስምና አገሯን ተናግራ እስክትጨርስ ዳቦው ሳይቆረስ ቆይቷል። ሉባባ ይህን ልትነግረው ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የተቃናውን ኩባያ አየችና ልትነግረው ያለችውን ተወችው።

«እሺ» አለችና ሣር ልታስቆርጥ ወጣች።

የረጂው ድርጅት ሰዎች ዘገዩ። ማዕዱ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ተዘርግቷል፦ ሩዝ በአትክልት፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ለስላሳ። ለወራት ያልታየ ምግብ ለፎቶ ሲባል ከየት እንደመጣ አላህ ይወቀው። ካሜራው ሳይመጣ ማንም እንዳይነካ ተብሏል። ዝንቡ ብቻ ማንንም ሳይፈራ ይበላል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ምግቡን ያያሉ፤ አንዳንዱ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ስኳር ያለባቸው ጋሼ ሽበሺ ራሳቸው ዞረባቸውና ወደ ዳቦው እጃቸውን ሲሰዱ፣ ብሥራት እየሳቀ መዳፋቸውን ቸብ አደረጋቸው። የአባቱ ታላቅ የሚሆኑ ሰው እጃቸውን ሰብስበው ከሹራባቸው እጅጌ ውስጥ ደበቁት። ሉባባ ተነስታ ከዳቦው ጫፍ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ ብሥራት ገላመጣት።

በመጨረሻ መኪናው መጣ። የወረደችው ማህደር የምትባል፣ በመንገዱ የደከመች፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው ሴት ናት፤ ካሜራ የተሸከመ ወጣት ተከትሏታል። ማህደር ሁሉንም እየዞረች በሁለት እጇ ጨበጠች። «ሰው ሞልቷል!» አለች። «ወንበሩ አይሞላም ተብሎ ነበር እኮ የተነገረን።» ብሥራት ፊቱ በራ። ምን ያህል እንደደከመ፣ ቤት ለቤት እየዞረ እንዴት እንዳሰባሰባቸው ያወራ ጀመር። ሉባባ ይህን ስትሰማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ካሜራው ተተከለ። ጋሼ ጎንፋ ሣሩን ይዘው ተነሱ።

ሳይመርቁ ቆዩ። ከዚያ በዝግታ ሹራብ ወደ ለበሰው የመጀመሪያ አዲስ ሰው ዞሩ። «መቃን ኬሰን ኤኙ?» አሉ። ስምዎ ማን ነው?

«እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው» አለ ብሥራት፣ ለማህደር ጎንበስ ብሎ። ማህደር ኦሮምኛ አትሰማም። ፈገግ አለች።

ሹራብ የለበሱት አዲስ ሰዎች ተራ በተራ መለሱ። አንዱ የሞተር ዘይት ሲሸከም ወገቡ የተሰበረ የመናኸሪያ ወዛደር ነበር። አንዷ ልጇን ፍለጋ መጥታ እዚሁ የቀረች። ጋሼ ጎንፋ ለእያንዳንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ የአባቱን ስም እየደገሙ አለፉ። የብሥራት ግንባር ማላብ ጀመረ፤ ትርጉሙ ግን አላቋረጠም። ለወዛደሩ «ደስታቸውን እየገለጹ ነው»፣ ልጇን ላጣችው «ለድርጅቱ ዕድሜ እየለመኑ ነው» አለ። ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ፣ ማለት ከማህደርና ካሜራ ከያዘው ወጣት በቀር ቤቱ በሙሉ፣ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ጋሼ ጎንፋ የእትዬ ድንቅነሽን ሹራብ የለበሰችው አሮጊት ፊት ቆሙ። ጠየቁ።

አሮጊቷ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ሀጀራ» አለች። ከዚያ፣ አንዴ ከወጣላት በኋላ፣ አላቆመችም። ከወዲያ ከኡካ ከተማ በኩል ናት። ባሏን ለማሳከም መቱ ይዛው መጣች፤ ሞተ። ስትመለስ ወንድሞቹ የቡናውን መሬት አጥረው ጠበቋት። አሁን የምታድረው የእህል መጋዘን በረንዳ ሥር ነው። ስሟን ሰው ከጠየቃት ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ እንዳልረሳችው ገርሟታል። የሹራቡን እጅጌ ያዝ አደረገችና ጨመረች፤ «ይሄ ደግሞ የኔ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ነው ያለበሱኝ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባለቤቱ እንዳይቀየመኝ።»

«ስለ ሹራቡ እያመሰገኑ ነው» አለ ብሥራት።

ከአባላቱ አንዲት ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ማህደር ያንን አየች። የብሥራትን ላብ አየች። ከዚያ ወደ ሉባባ ዞረች። «እውነት ነው?» አለቻት። «እያመሰገኑ ነው?»

ሉባባ አዳራሹን አየችው። እውነቱን ከተናገረች በሩ ይዘጋል፤ ጋሼ ሽበሺ ስኳራቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤት ይውላሉ፣ ጋሼ ጎንፋ በመስኮት በኩል መቀመጫ አይኖራቸውም። ዝም ካለች ደግሞ በሩ ይከፈታል፤ ሉባባም ነገ እዚያው በር ላይ ቆማ ለእትዬ ሀጀራ መታወቂያ አምጪ ትላለች። ወደ ማህደር ዞረች።

«አይደለም» አለች። «ሹራቡ የሟች ነው። ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ከመስጊዱ በር አምጥቼ።»

ማህደር ካሜራው እንዲጠፋ በእጇ ምልክት ሰጠች። አልጮኸችም። «አቶ ብሥራት፣ ውጭ እንነጋገር» ብቻ አለች። በመስኮቱ በኩል የብሥራት እጆች ወዲያና ወዲህ ሲወናጨፉ ታዩ። የማህደር እጅ ከኪሷ አልወጣም። ከዚያ መኪናው ዞሮ ዳገቱን ወረደ። ብሥራት በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሉባባን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ደስ አለሽ? ማታ ቁልፉን ቢሮ አስረክቢ። ነገ የሚከፈት ነገር የለም።» ሄደ።

ማንም አልተነቃነቀም። ጋሼ ጎንፋ አሁንም ሣሩን እንደያዙ ቆመዋል።

«እንግዲህ ተዋወቅን» አሉ። ሣሩን ከፍ አድርገው መረቁ፤ ጉልበት ላጣ ጉልበት፣ ቤት ላጣ ቤት፣ ለድንቅነሽ ዕረፍት። «ሃ ተኡ» እያለ ቤቱ ተቀበላቸው፣ ይሁን፣ ይሁን።

እትዬ ሀጀራ ከመብላታቸው በፊት ሹራቡን አወለቁ። አጣጥፈው የወንበሩ መደገፊያ ላይ አደረጉትና በራሳቸው በተቀደደ ቀሚስ ማዕዱ ላይ ቀረቡ። ሩዙ ቀዝቅዟል። ዝንቡን እያባረሩ ሁሉም እስኪጠግቡ በሉ፤ የዚያን ቀን ሉባባን ደስ ያላት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር።

ሲያበቃ እትዬ ሀጀራ ኩባያቸውን አጥበው ወደ መደርደሪያው ሄዱ። «የት ላስቀምጠው?»

«የድንቅነሽ ነው» አሉ ጋሼ ጎንፋ። «እዚያው ቦታው ላይ ይድፉት። አርባዋ እስኪወጣ።»

እትዬ ሀጀራ ኩባያውን በጥንቃቄ ደፉት። እጃቸውን ከላዩ ላይ ሳያነሱ ወደ ሉባባ ዞሩ።

«ከዚያስ ማን ያቃናዋል?» አሉ።

ሁሉም ሉባባን አዩ። ማታ አስረክቢ የተባለችው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ፣ ጣቶቿ መሃል ነበር።