የናንቱ ነጭ ቅቤ

አብዱልባሲጥ ከፈረንሳይ ከተመለሰ ወዲህ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር የዚያን ዓሣ ወሬ ያልሰማ ሰው የለም። ጤፍ ሊገዛ ሱቁ የገባ ሁሉ ናንት ስለምትባል ከተማ፣ ወንዝ ዳር ስላለች ጠባብ ምግብ ቤት፣ ዳቦውን እያጠቀሰ ሳህኑን እንዴት እንዳጸዳው ሳይሰማ አይወጣም። «የወሎ ልጅ ነኝ፣ ቅቤ አውቃለሁ እል ነበር፤ ቅቤስ እዚያ ነው ያለው» ይላል። ወዳጁ ንዋይ በዚህ ጊዜ ከመደርደሪያው ጀርባ ከተቀመጠ፣ የታሸገ ሽሮ አንሥቶ በላዩ የተጻፈውን እንደ አዲስ ማንበብ ይጀምራል።

ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ያህል አብረው በልተዋል። ንዋይ ሳንታ ሞኒካ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጸሎቱን በልቡ የሚያደርስ፣ ከመናገር መስማት የሚቀለው ክርስቲያን ነው። አብዱልባሲጥ ሶላት የማያሳልፍ ሙስሊም ነው። ያንዱን እርድ ሌላው አይበላም፤ ይህም አንድ ቀን እንኳ መነጋገሪያ ሆኗቸው አያውቅም። ንዋይ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም በነዚያ ቀኖች ምሳቸውን ኤልፍነሽ ምግብ ቤት፣ በአንድ ትሪ በያይነቱ ይበላሉ። ምስሩ የክርስቲያን፣ ጎመኑ የእስላም አይባል።

የፈረንሳዩን ጉዞ ያመጣው ንዋይ ነው። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱ አቋርጦ፣ ቀሪውን ፈረንሳይኛ ከሬዲዮ በጆሮው የለቀመ ሰው ነው። አንድ ቀን እዚያው አገራቸው ሄጄ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ፣ በቋንቋቸው አዝዤ እበላለሁ የሚል ምኞት አርባ ዓመት ይዞ ኖሯል። ይህን ሲያጫውተው አብዱልባሲጥ ብቻህንማ አትሄድም አለውና ተያይዘው ሄዱ። ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ ሜኑውን ንዋይ ያነባል፣ አብዱልባሲጥ የተነበበለትን ይበላል።

ፓሪስ በቆዩባቸው አምስት ቀናት ስምምነቱ አልተነካም። የሽንኩርቱ ሾርባ በምን መረቅ እንደተሠራ፣ ኬኩ ውስጥ አልኮል ገብቶ እንደሆነ፣ ድንቹ በምን ስብ እንደተጠበሰ፣ ንዋይ አስተናጋጆቹ እስኪሰለቹት ይጠይቃል። አብዱልባሲጥም እንቁላልና ሰላጣውን እየበላ፣ አንተ ዐቃቤ ሕግ መሆን ነበረብህ እያለ ይቀልድበታል።

ናንት ላይ ሜኑው «ዓሣ በነጭ ቅቤ» ይላል። ዓሣ ነው፣ ቅቤ ነው፤ ምኑ ይጠየቃል? በዚያ ላይ አስተናጋጇ ገና ሲገቡ፣ ፈረንሳይኛዎ እንዴት ያምራል ብላዋለች። ከዚህ ወዲያ እንደ ተቆጣጣሪ መመርመሩ አሳፈረው። ሳህኑ ሲመጣ አብዱልባሲጥ ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ንዋይም ቀመሰ። ከቅቤው ለስላሳነት ሥር አንድ ስል ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሰውን ደግሞ ደግሞ የሚያስጎርስ ነገር አለ። ሎሚ አይደለም። አስተናጋጇ ስታልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። ነጭ ወይን ነዋ፣ ያለሱ መች ነጭ ቅቤ ይሆናል ብላው አለፈች። የአብዱልባሲጥ ሳህን ያኔ ገና ግማሽ ነበር።

«ምን አለች?» አለው።

«ቅቤው የዚሁ አገር ነው አለች» አለ ንዋይ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ኋላ ለራሱ ብዙ ምክንያት ሰጥቷል። ጀምሮታልና አንዴ ሆኗል፤ ሰውየው እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ባለማወቅ ነውና ኃጢአት አይሆንበትም። ሆዱ ግን እውነቱን ያውቃል። የራሱም ሳህን ግማሽ ነበር። ቢናገር አብዱልባሲጥ ይነሣል፤ እሱ ከተነሣ ደግሞ ንዋይ ብቻውን ተቀምጦ አይበላም። አርባ ዓመት የጠበቀው ምሳ በግማሹ ሊቀርበት ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ሁለቱም ሳህናቸውን በዳቦ ጠረጉ።

ነገሩ እዚያው ናንት በቀረ ነበር፤ ግን የአብዱልባሲጥ ልጅ የሳቢሪን የኒካህ ሠርግ ደረሰ። እንዲህ ባለ ድግስ ወጉ የታወቀ ነው፤ የእስላም ሥጋ በአንድ ጠረጴዛ፣ የክርስቲያን በሌላ ይቀርብና ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት ለሁለት ተከፍሎ ይሰለፋል። አብዱልባሲጥ ይህን ለልጁ አልፈለገም።

«አንድ ጠረጴዛ» አለው ንዋይን። «ዓሣ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል። ያንን ዓሣ ነው የማበላቸው። እናማ ለዚያች አስተናጋጅ በፈረንሳይኛ ጻፍላትና አሠራሩን ትላክልህ።»

ንዋይ እሺ አለ። ለማንም አልጻፈም። አሠራሩን ከኢንተርኔት አገኘና በወይኑ ምትክ ሎሚ አድርጎ፣ አብዱልባሲጥ ቤት ሄዶ ሠራው። የአብዱልባሲጥ ባለቤት ዘይቱና ቀምሳ ወደደችው። አብዱልባሲጥ ግን ማንኪያውን አፉ ውስጥ አቆይቶ፣ የሆነ ነገር ጎድሎታል አለ። በሳምንቱ በሎሚው ላይ የፖም ጭማቂ ጨመረበት። አሁንም ጎድሎታል።

«ጽፈህላታል ግን?» አለው።

«ጽፌላታለሁ።»

አንዱን ውሸት ሌላው ወለደው። በዚያ ሰሞን ንዋይ ጸሎት ላይ ሲቆም የሚመጣበት የመድኃኔዓለም ስም ሳይሆን የአብዱልባሲጥ ማንኪያ ሆነ። ለነፍስ አባቱ ሄዶ ተናዘዘ። ቄሱ ከሰሙት በኋላ ስግደቱን እሰጥሃለሁ፣ በደሉ ግን የእኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ዘንድ ውሰደው ብለው አሰናበቱት።

ዓርብ ነበር። ንዋይ መኪናውን ኤልፍነሽ ምግብ ቤት በር ላይ ፓርክ ካደረገ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ተቀመጠ። ሲገባ አብዱልባሲጥ እጁን ታጥቦ፣ ትሪው ቀርቦ ይጠብቀዋል። ንዋይ ሳይጎርስ፣ ቀና ሳይል፣ ከሜኑው ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ደብዳቤ አለመጻፉንም ነገረው። የአብዱልባሲጥ እጅ ከምስሩ በላይ ቆመ።

«ያወቅኸው እየበላሁ ነው?»

«ግማሹ ላይ።»

አብዱልባሲጥ እጁን ሰበሰበ። «እኔ ያላወቅሁትን አላህ ያውቃል፣ ይምረኛል። አንተ ግን ታውቅ ነበር።» ድምፁን አልጨመረም። ተነሥቶ፣ ምንም ያልነካበትን እጁን እንደገና ታጥቦ ወጣ።

ሦስት ሳምንት አልተገናኙም። ንዋይ ረቡዕና ዓርብ እየመጣ ብቻውን በላ። አንድ ቀን ኤልፍነሽ ጓደኛህ የት ጠፋ ስትለው፣ ሥራ በዝቶበት ነው አለ። ፊቷን አዙራ ስትሄድ ጠራት።

«ሥራ አይደለም» አላት። «በድዬው ነው።»

የኒካሁ ዋዜማ ዘይቱና ደወለች። «ጋሼ ንዋይ፣ ነገ በጠዋት ይምጡ። ዓሣው ተገዝቷል። እርስዎ ካልሠሩት ማን ይሠራዋል ብሏል» አለችው።

በጠዋቱ ክሬንሾው መንገድ ላይ ወዳለው የሠርጉ አዳራሽ ሄደ። አብዱልባሲጥ ወጥ ቤቱ ውስጥ አዲሱን ልብሱን ለብሶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የክሬሙን ካርቶን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ንዋይ መነጽሩን አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚነበበውን ሁሉ ለሱ ይሰጠው ነበር እንጂ ይህ ሰው መነጽር ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ሰላምታ ተለዋወጡ። ንዋይ ሽንኩርቱን ከተፈ፣ ሎሚውን ጨመቀ፣ ቅቤውን በትንሽ በትንሹ እየጣለ አማሰለ። አብዱልባሲጥ እያንዳንዱን ካርቶንና ጠርሙስ አንብቦ እያቀበለው ከጎኑ ቆመ። ሲያልቅ በማንኪያ ቀመሰ።

«ጎድሎታል» አለ።

«አዎ።»

«ይጉደል።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን እንደቆረቆረኝ ታውቃለህ? መብላቴ አይደለም። ጣዕሙ ነው። ከምላሴ አልወጣ አለ። ሐራም መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ እንኳ ያምረኛል፣ ሶላት ላይ ሳይቀር ይመጣብኛል። ይህን ነው ያሸከምከኝ።»

«እኔም ያምረኛል» አለ ንዋይ።

«አንተማ አልተከለከልክ። ሄደህ ብላ።»

«አልበላውም። ሁለተኛ።»

አብዱልባሲጥ መነጽሩን አውልቆ አየው። ቀልድ የመጣበት መሰለ፤ ግን መልሶ ዋጠው። ትሪውን ባንድ ጎን ያዘ፣ ንዋይ በሌላው ያዘ፣ ይዘውት ወጡ።

ጠረጴዛው አንድ ነበር። ሂጃብ የለበሱትም፣ አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩትም በአንድ ወረፋ ተሰልፈው ከአንድ ሳህን አነሡ። የናንትን ወሬ በቃሉ የሚያውቀው አሮጌው የታክሲ ሾፌር ዳኛቸው አፉን ሞልቶ ዞረ።

«ያ ዓሣ ይኼ ነው በለኛ።»

አብዱልባሲጥ ፊቱን ወደ ንዋይ አዞረና ጠበቀ፣ ሜኑ እንዲያነብለት እንደሚጠብቅ።

«አይደለም» አለ ንዋይ። «ያኛው ለሁላችን አይሆንም ነበር።»

ዳኛቸው ትከሻውን ነቅንቆ መብላቱን ቀጠለ። አብዱልባሲጥ ከራሱ ሳህን አንድ ቁራጭ ዓሣ አነሣና ፊቱን ሳይመልስ ንዋይ ሳህን ላይ አኖረለት። ንዋይ በላው። ጎድሎታል። በዳቦ እስከ መጨረሻው ጠረገው።