ለአባቴ ያልተነገረው በሽታ

ቅዳሜ ጠዋት መቀሌ ውስጥ አንድ ሐኪም ዘንድ አባቴ ጀላሉ፣ እናቴ ሙሚና፣ አጎቴ በድሩና እኔ ነበርን። ክረምት ላይ ሌላ ሐኪም አጎቴን ለብቻው ጠርቶ፣ የአባቴ ሳል የሳንባ ካንሰር መሆኑን ነግሮት ነበር። በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚው አይነገርም። አባቴን "ብርድ ነው" አልነው። በድሩም ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ እሱም የሚሠራበትን የአባቴን ልኳንዳ ዘግቶ፣ በአገሩ አፈር እንዲቀበር ወደ ወሎ ሊወስደው ተሰናዳ። ለመንገዱ የሳል ማስታገሻ እንዲሰጠው ነበር ወደዚህ ሐኪም ያመጣነው።

አዲሱ ሐኪም ግን አባቴን ራሱን ጠየቀው።

"አቦይ፣ ውሻ አለዎት?"

"የልኳንዳው ጠባቂ አለ። ውኃ የቋጠረ የበግ ሳንባ ሳገኝ ለእሱ እወረውራለሁ።"

"የደም ምርመራውም ይህንኑ ያሳያል። ከውሻው የመጣ ትል ነው ሳንባዎ ላይ ውኃ የቋጠረው። ካንሰር አይደለም፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል።"

"የምን ካንሰር?" አለ አባቴ።



"ጋሼ፣ እንዳትደነግጥ ብለን ነው" አለ በድሩ።

"ለብርድ ይህ ሁሉ ዱዓ ምንድን ነው ስል ነበር! የምገነዝበትን ከፈንም ገዝተሃል? ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ሳንባዬ ሲያወራ፣ እኔን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም!"

ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ድኖ ሲመለስ ልኳንዳውን መልሶ ከፍቶ በድሩን ከሥራው አስወጣው።