የሸጋዬ ኩሬ ወዳጆች

በቄስ ቢተው ጓሮ ያለው ኩሬ ውኃ እንዳለው ለመካነ ሰላም ሕዝብ በሙሉ ይታወቅ። በዚህ በጋ ምንጩ እንደ ክር ሲቀጥን እሱ ግን ግጥም እንዳለ ነው።

ኩሬውን ለጎመን ማጠጫ ብሎ የቆፈረው ልጃቸው ሸጋዬ ነበር። ጎመኑ ብዙም አልጠጣም። ልጁ ኩሬው ዳር በሆዱ ተኝቶ፣ ውኃው ላይ የሚንሸራተቱትን ባለረጅም እግር ነፍሳትና ቅጠል ሥር የተለጠፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያይ ይውል ነበር። ከሁሉ የሚወደው የውኃ ተርብ ልጆችን ነበር፤ ክንፍ እስኪያወጡ ጭቃ ውስጥ አድፍጠው የትንኝ እጭ ይለቅማሉ። አባቱ ኩሬውን «የአልቅት ቤት» ይሉት ነበር። ጎረቤታቸው አልታየችም ጫጩቴን አሰጠመብኝ ብላ ለሽማግሌ ከሳለች።

ሸጋዬ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ለእናቱ ለካሰች አንድ አደራ ሰጣት። «እማዬ፣ ውኃውን እንዳታደርቂብኝ። ልጆቹ ገና ክንፍ አላወጡም።» ከዚያ ወዲህ ካሰች በየጠዋቱ በእንስራ እየቀዳች ትሞላለች።

ከጥምቀት በኋላ ቄሱ ደጎሎ ገበያ ሄደው ሞላ ከሚባል ቁስለኛ ወታደር ጋር ተገናኙ። ሸጋዬን በእጁ ቀብሮታል። ቄሱ ለጎረቤት ተናገሩ፤ ለሚስታቸው ግን መርዶው ዐቢይ ጾም እስኪፈታ ይቆይ ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ከበላይ ሳይነገረው የሚያለቅስ ሰው ጠላትን ያስደስታል ብለው ስለነበር፣ ነገሩ ለሁሉም ተመቸ።

ኩሬው ወዳጅ በዛበት። አልታየች በገዛ እንስራዋ ውኃ እያመጣች ቀንድ አውጣዎቹ ወፈሩ፣ አማረባቸው ትላለች። ቄሱ ከቅዳሴ መልስ መቋሚያቸውን ተደግፈው የተርቦቹን ጤና ይጠይቃሉ። አልቅቱ እንኳ ምስጋና አልቀረበትም። ካሰች ውኃዋን ኩሬው ውስጥ እየገለበጠች ትሰማለች።

በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ ጠዋት፣ አልታየች እንደ ልማዷ ደረሰች። ቄሱም ደጅ ቆመዋል።

«እትዬ ካሰች፣ ሸጋዬ መጥቶ እነዚህን ቢያይ እንዴት ደስ ባለው» አለች።

ቄሱ፣ አዎ፣ ለፋሲካ ፈቃድ ሳይሰጡት አይቀሩም አሉ።

ካሰች እንስራውን ከአልታየች ጀርባ አወረደችላት።

«ልጄ እያለ ይህን ኩሬ የሚወድ ሰው አልነበረም» አለች።

ወደ ጓሮ አልዞረችም። ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ግቢ አቧራው እንዳይነሣ እንደሚደረገው፣ ውኃውን በእጇ እየዘገነች ደጁን ከዳር እስከ ዳር ረጨችው። ሲያልቅ እንስራውን ግድግዳው ሥር አቆመች፤ ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ መልሳ አዘቅዝቃ ለበሰችና መሬት ላይ ተቀመጠች።