የቦሩ ችግኞች

ቦሩን ሽማግሌ ነው ብላችሁ አትዘኑለት። እኔም አላዘንኩለት።

እኛ ሱሉልታ ነን፤ ከሰፈራችን በላይ ያለው ተራራ ድሮ ጥድና ወይራ ነበር። አንድ ቀን ጥዶቹ ተቆርጠው ሲገኙ፣ ይኼ ጎረቤታችን ቦሩ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ባሌን ኢብሳን መጥረቢያ ይዞ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ። ኢብሳ ታሰረ። ሲፈታ ሳል ይዞ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበርኩት። ልጄን ላሊሴን ትምህርት ቤት የጥድ ሌባ ልጅ ይሏት ነበር። ቦሩ ደግሞ በዚያው ዓመት ቤት ሠራ፤ ምሰሶው ሁሉ ጥድ! ሀገር አይቷል፤ ግን ማን ይናገራል? ሰው ሲጣላ የሚጠራው አስታራቂ እኮ እሱ ነው። ነገሩ አንጀቴን ሲበላኝ ኖረ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውሸቱን ሰው እየሰማ በገዛ አፉ እንዲያወጣት።

ተራራው ተራቁቶ ጎርፍ ማሳችንን ሲጠርገው፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። ተራራው ይከለል፣ ከብት አይግባበት፣ የሀገር ዛፍ ይተከልበት ተባለ። አባል ሁሉ የየራሱ ቦታ ተሰጠው። ችግኙን የተንከባከበ ከተራራው ሣር ያጭዳል፤ ችግኙ ሁለት ክረምት ተከታትሎ የደረቀበት ግን ይወጣል። እዚህ አገር ሣር የሌለው ሰው ከብቱን ከመሸጥ ሌላ ምን ምርጫ አለው? የቦሩ ቦታ ከእኔ ቀጥሎ ሆነ። እሰይ አልኩ።

ሣር እንደሚያጭድ ሰው ማጭዴን ይዤ እወጣለሁ። የቦሩን ችግኞች አፈር ገለጥ አድርጌ ሥራቸውን እቆርጥና አፈሩን መልሼ እረግጠዋለሁ። ጥድ ሥሩ ተቆርጦም ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ማን ይጠረጥራል? ክረምቱ ሲወጣ ያ ሽማግሌ ተብዬ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አየውና፣ አይዞዎት ኦቦ ቦሩ፣ ይበርቱ እለዋለሁ። ምርቃቱን ያዥጎደጉድልኛል። የሰው ሁሉ ሲለመልም የእሱ ብቻ ደረቀ። በተከታዩ ክረምት እንደገና ተከለ፤ እኔም እንደገና ቆረጥኩ። እንቅልፍ አጥቷል፣ እህል አልወርድ ብሎታል ብላ ሚስቱ ነገረችኝ። እኔ ግን ደህና እተኛ ነበር።

የማኅበሩ ስብሰባ ደረሰ። ሰብሳቢያችን ኦቦ ኢቲቻ የቦሩን ጉዳይ ሊያነሱ ሲሉ ራሱ ብድግ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምድሪቱ አልቀበልም ያለችኝ በሐሰት ስለማልኩ ነው» አለ። «ኢብሳ አልቆረጠም። ጥዶቹን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ላሊሴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቦሩ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹም እርጥብ ሣር ነጭተው ይዘው ይለምኑኝ ጀመር፤ ራሱ ተናዟል፣ ይቅር በዪው፣ አንቺ ካልሽ ደንቡም ይታለፍለታል አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሣር ተይዞ ሲለመኑ እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው። መቼ ጠፋኝ!

«ደንብ ደንብ ነው» አልኩ። «ይውጣ።»

ወጣ። ሳይውል ሳያድር ላሞቹን ገበያ ነዳቸው። ማኅበሩ የእሱን ቦታ በኢብሳ ስም ለእኔና ለላሊሴ ሰጠን። ጥድ ተከልንበት፤ አንድ እንኳ ሳይደርቅ ያዘ። አሁን በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለልጆቹ እያሳየ፣ አያችሁ፣ ዛፍ እንኳ ንጹሕ እጅ ያውቃል ይላል። ላሊሴም አምናው ለጓደኞቿ በኩራት ታወራዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ይበለው።